ፋሲካ በየካ፦ ከጋኑ እስከ ቅርጫው

የፋሲካ ዝግጅት በጠላ ይጀምራል። ዶሮው ገና ከገጠር ሳይወጣ፣ የሽንኩርት ዋጋም መነጋገሪያ ሳይሆን፣ በየካ ሚካኤል ዙሪያ ባሉ የቆዩ ግቢዎች ጋን ይታጠባል። ሲደርቅ አፉን ደፍተው በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ጌሾው ተወቅጦ ይዘፈዘፋል፤ ብቅሉ ሲጨመርበት ጥንስስ ይሆናል፤ ቂጣው ተጋግሮና ተቆራርሶ ሲገባ ደግሞ ድፍድፉ መፍላት ይጀምራል። ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ቤት ብርድ ስለሚበዛበት ጠላው ቦሌ ካለው ቤት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የዚህ ሰፈር እናቶች ከሆሳዕና ቀደም ብለው እጃቸውን ያረጥባሉ። ጋኑንም ብርድ እንዳይመታው በአሮጌ ጋቢ የሚጠቀልሉ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በገንዘብ ይካካሳል። ዶሮ ቅዳሜ ጠዋትም አይጠፋም፤ ድፎው ከዳቦ ቤት ይመጣል፤ እንጀራ የሚሸጡ ሴቶች በየመንደሩ አሉ። ጠላ ግን ቀኑ ካለፈ አለፈ ነው። የዘገየ ሰው ያለው አማራጭ ጎረቤት ቤት ጆግ ይዞ መሄድ ብቻ ነው፤ ጎረቤትም አይከለክልም፤ ወሬው ግን እስከ ጰራቅሊጦስ ይዘልቃል።

ጋኑም ቢሆን ብዙ ጊዜ የቤቱ አይደለም፤ የተበደሩት ነው። ትልቁ ብረት ድስት የእድር ነው። በሬው የስምንት ቤተሰብ ነው። እሑድ ቡና የምታፈላው ልጅ የላይኛው ቤት ልጅ ናት። የአንድ ቤት የፋሲካ ገበታ ላይ ስንት ቤት እጁን እንዳሳረፈበት ለማየት የመጨረሻውን ሳምንት ከሾላ ገበያ እስከ ኮንዶሚኒየም ግቢ መከተል ይበቃል።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሾላ ገበያ ውስጥ ቀጥ ብሎ መሄድ አይቻልም። ከመገናኛ በኩል የሚገባው ሰውና ከውስጥ ዶሮ አንጠልጥሎ የሚወጣው ሰው መሃል ላይ ይገናኛል፤ በዚያ መሃል ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል። እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች መሬት ላይ ተደርድረዋል። አንዲት ጠና ያሉ እናት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ጎንበስ አሉና አንዱን ገብስማ አውራ ዶሮ አነሱት። መጀመሪያ በእጃቸው መዘኑት። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለውን ላባ እፍ ብለው ገለጡና ቆዳውን አዩ፤ ቢጫ ስብ ሲያዩ ምንም አላሉም። የደረቱን አጥንት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሻጩ ዝምታቸው ገብቶታል።

«እናቴ፣ የወላይታ ነው። ሥጋ ብቻ ነው።»

«ሥጋውን ተወው፤ ዕድሜው ስንት ነው? የእሱ እኩያ ልጅ ያለኝ ይመስለኛል።»

ዙሪያው የቆመው ሰው ሳቀ። ዋጋውን ሲነግራቸው ዶሮውን መለሱለት፤ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ «ነይ እሺ፣ እናቴ፣ ቆርጠሽ ንገሪኝ» አለ። ከዚህ በኋላ ያለው ድርድር ለወግ ያህል ነው፤ ሁለቱም የት እንደሚገናኙ ያውቁታል።

ቅቤ ተራው ላይ ግን ቀልድ የለም። ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ተብሎ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ገዢዋ በጥፍሯ ቆንጥራ በእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፤ ታሸታለች፤ እንዴት እንደሚቀልጥ ታያለች። ሙዝና የሚረጋ የአትክልት ዘይት ቅቤ ውስጥ እየገባ ሲሸጥ የተያዘበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ሰው የሚያምነው የራሱን ደንበኛ ብቻ ነው። ያላመነ ቤቱ ሲያነጥረው ይለየዋል፤ ንጹሑ ቅቤ ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱ፣ ከበሶብላውና ከአብሹ ጋር ሲንተከተክ አረፋው ይጠፋና ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ የተደባለቀው ግን ድስቱ ሥር ዝቃጭ ይተዋል። ያን ጊዜ ግን ሻጩ የለም።

ቤቱ ራሱ የሚጸዳው በዚሁ መሃል ነው። እዚህ ላይ የቤት እመቤቷን ጊዜ የምትወስነው ውሃዋ ናት። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ከተማ ናት፤ የካ ደግሞ ተዳፋት ስለሚበዛበት ግፊቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው የላይኛው ሰፈር ነው። መጋረጃና የሶፋ ልብስ መታጠብ ያለበት ውሃ በመጣበት ሌሊት ነው፤ ሮቶው መሙላት ያለበትም ያኔ ነው። ዶሮ ብቻውን የሚፈጀውን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላባው በፈላ ውሃ ይነጫል፤ ቀሪው ጸጉር በእሳት ይለበለባል፤ ከተበለተ በኋላ በሎሚና በጨው ታሽቶ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። «ሙሽራ የምትመረጠው ዶሮ አስተጣጠቧ ታይቶ ነው» የሚሉ አማቶች ዛሬም አሉ። ወንዶቹ ዶሮውን ባርከው ካረዱ በኋላ ሥራቸውን የጨረሱ ይመስል ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ይህን የምጽፈው ከሶፋው ላይ ሆኜ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ትንሽ ወደ ላይ እንውጣ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከጉራራ በላይ የሚታየው ተረተር አዲስ አበባ ሳትቆረቆር የመንግሥት ወጥ ቤት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት መቀመጫቸው እንጦጦ ነበረ፤ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1880 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ ያችው ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያበሉት ግብር ለቀናት የዘለቀ ነበርና የምኒልክ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሳይመዘግቡት አላለፉም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ስቲሪንግ ዘ ፖት» በተሰኘው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ ለዚያ ግብር አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጣይቱ በዚያ ድንኳን ያቀረቡት ምግብ ከየአገሩ የመጣውን ቅመም፣ ወጥና መጠጥ በአንድ ገበታ ላይ ያገናኘ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ «የኢትዮጵያ ምግብ» ተብሎ የሚታወቀው ዝርዝር ቅርጹን የያዘው በእንዲህ ያለ ግብር ላይ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ግብር ለማብሰል ስንት ሸክም እንጨት እንደነደደ የቆጠረ የለም።

እንጨቱ ግን ታሪክ ሠርቷል። ጥዱና ወይራው ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፍጭፎ አካባቢው ራቁቱን ቀረ። ማገዶ ከሩቅ መምጣት ሲጀምር ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራም አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። በሌላ አነጋገር አዲስ አበባ ለምድጃዋ የሚሆን ዛፍ ባታገኝ ኖሮ ዛሬ ሾላም መገናኛም ባልኖሩ።

ያ ባህር ዛፍ ዛሬም በሴቶች ጀርባ ይወርዳል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ተራራው ላይ የብስክሌት መንገድና ካፌ አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች አሉ። በበዓል ሰሞን ገበያቸው ይደራል። ምክንያቱም በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግረው ቤት እንኳ ድፎ ዳቦውን በእሳት መድፋት ይመርጣል። ሊጡ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ሲነድበት የሚያመጣው ሽታ ከኤሌክትሪክ ምድጃ አይገኝም። የባህር ዛፉ ቅጠል ሲነድ የሚወጣው ጭስ ግን ዓይን ያስለቅሳል፤ ሳንባም ይጎዳል። ይህን ለመናገር ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ዳቦ የደፋችውን ሴት ዓይን ማየት ይበቃል።

ስለ ተራራው ካነሳን አይቀር የወጡንም ነገር እዚሁ እንጨርሰው። መገናኛ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ባህር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ መገናኛ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ እንጦጦ አናት ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የፈላ ውሃ ደግሞ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ከዚያ በላይ አይግልም። ለዚህም ጭምር ነው ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የሚሆነው ባቄላና ስንዴ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ የሚያድረው፤ ለዚህ ነው ጅቡቲ ላይ ቶሎ የሚበስለው ዶሮ ኮተቤ ላይ ሰዓታት የሚፈጀው። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ይፈርሳል፤ የሀበሻው ግን እሳትም ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ቀዳም ሥዑር። ጠዋት ካህናቱ ለምለም ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናኑ በራሳቸው ላይ አስረውት ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከሰዓት በኋላ ለቤቱ ወለል የሚሆነው ቄጠማ በየመንገዱ ዳር በእስር በእስር ይሸጣል። የሸክላ ንጣፍ ያላቸው አዳዲስ ቤቶች ቄጠማው ያዳልጣል፣ ምንጣፉን ያበላሻል እያሉ ጥቂት ዘለላ ብቻ ረከቦቱ ሥር መበተን ጀምረዋል። አያቶች ግን አይዋጥላቸውም፤ ወለሉ ካልተጎዘጎዘ ቤቱ ገና የለቅሶ ቤት ነው ይላሉ።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ድስቱ ይጣዳል። የሽንኩርቱ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ተከትፏል፤ የከተፉት ልጆች ዓይናቸው እንደቀላ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ ደረቁን ድስቱ ውስጥ ይገባል። አንድ ሽንኩርት ከመቶ 90 እጅ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ መጀመሪያ የሚበስለው በራሱ ውሃ ነው። እሳቱ ለስለስ ብሎ ማማሰያው ካላረፈ ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ ስኳሩ መቅላት ይጀምራል፤ የሽንኩርቱ ሥጋ ፈርሶ ሊጥ ይሆናል። ዶሮ ወጥን የሚያወፍረው ይህ ነው፤ ዱቄት የለ፣ ሌላ ማወፈሪያ የለ። የቸኮለ ሰው ዘይቱን ቀድሞ ይጨምራል፤ ያኔ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም፤ እሑድ እንግዳው ወጡ ውስጥ ክትፍ ሽንኩርት ሲያገኝ አፉን ይዞ ዝም ይላል።

ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆን ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ። ከዚህ ወዲያ ቁሌቱ እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል፤ ጠላ ወይም ጠጅ ጠብ የሚያደርጉም አሉ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ የነጠረ ቅቤ፣ ከዚያ አሥራ ሁለቱ ብልት በየተራ ይገባል፤ ጠንካራው እግር ቀድሞ፣ ፈረሰኛው ዘግይቶ። መከለሻው መጨረሻ ላይ፣ የተቀቀለው እንቁላልም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ የምትሠራዋ ሴት አንድም ጊዜ አልቀመሰችም። 55 ቀን ጾማለች፤ አንዳንዷ ከዓርብ ጀምሮ እያከፈለች ነው። ጨው በዓይን፣ በርበሬ በማሽተት ነው የሚለካው። ቀላ ያለው ዘይት ከወጡ ላይ ተለይቶ ሲንሳፈፍ «በቃ፣ በስሏል» ትላለች። በጣም የተጠራጠረች እንደሆነ ያልጾመ ሕፃን ትጠራለች። አንድ የካ ግቢ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ በጭልፋ ጫፍ የተሰጠውን መረቅ ልሶ «ይጣፍጣል» ሲል አያቱ «ጨውስ?» አሉት። «ጨውም ይጣፍጣል» አለ። ተጨማሪ ጨው አልተደረገም።

ያቺ ማታ የመብራት ማታም ናት። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ብሎክ ውስጥ 20 ቤተሰብ ባንዴ ምጣድ ቢጥድ 70 ኪሎ ዋት ነው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ይህ ታስቦ አልተተከለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከበዓል በፊት ከፍተኛ ኃይል የሚስቡ ፋብሪካዎች በዋዜማው ሥራ እንዲያቆሙ ደጋግሞ የሚጠይቀው፣ ደንበኞችም ጫና ከሚበዛበት ሰዓት ውጭ እንዲያበስሉ የሚመክረው ለዚህ ነው። ሰዉ የራሱን ዘዴ አበጅቷል። ልምድ ያላት ሊጧን አስቀድማ አቡክታ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስታ ትጋግራለች። ልምድ የሌላት ማታ 2 ሰዓት ላይ ትጥዳለች፤ መብራቱ ይሄዳል፤ በረንዳው ሁሉ ላይ «የእናንተስ ሄዷል?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። መብራቱ ያልሄደበት ጎረቤት ካለ ሊጡ በባልዲ ወደዚያ ይሄዳል። እንዲህ አንዲት ምጣድ ላይ የሦስት ቤት እንጀራ ይወጣል፤ ማን ስንት እንዳወጣ ግን የሚቆጥረው የለም።

ሌሊት የየካ ሚካኤል ቅዳሴ ሲያበቃ 9 ሰዓት አልፏል። ነጭ ለባሹ ሕዝብ በጨለማ ወደየቤቱ ይበተናል። የመፈሰኪያው ማዕድ አጭር ነው። ለደረቀ ሆድ ቅቤ የበዛበት ወጥ ስለሚከብድ ብዙ ቤት መጀመሪያ ተልባ ይጠጣል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጉርሻ ዶሮና ዕንቅልፍ። ዋናው ግብዣ ነገ ነው።

እሑድ ጠዋት ወጥ ቤቱ ዝም ሲል ግቢው ይነቃል። ኮንዶሚኒየሞች ሲሠሩ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት ታስቦላቸው ነበር፤ ነዋሪው «ኮሚናል» ይለዋል። ከፕላኑ ሁሉ ይህ ይመስለኛል ሰዉን በትክክል ያወቀው፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በሬ አይታረድም። በብዙ ቦታ ግን ኮሚናሉ ለሱቅ ወይም ለሌላ ሥራ ተከራይቶ እርዱ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጥቷል።

በሬው ከካራ የከብት ገበያ ዓርብ ወይም ቅዳሜ የመጣ ነው። ቅርጫ ገቢዎቹ ከወራት በፊት በየወሩ እያዋጡ ቆይተዋል። ቆዳው ተገፎ ሥጋው ሲበለት ሸራ ላይ ስምንት መደብ ይዘረጋል። የቅርጫ ጥበብ እዚህ ነው፦ እያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ማግኘት አለበት። አራጁ ቆርጦ ያስቀምጣል፤ አንድ ሽማግሌ ከዚህ አንስቶ እዚያ ይጨምራል፤ አንዱ «ያኛው አጥንቱ በዝቷል» ይላል፤ እንደገና ይስተካከላል። ሲያበቃ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ይሰጣል፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የባህር ዛፍ ቅጠል። ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ይጥላል። ዕጣ ከወጣ በኋላ ክርክር የለም። በሚዛን ይሁን የሚል ወጣት አልጠፋም፤ ሚዛን ግን ክብደት እንጂ ብልት አያውቅም።

ቆዳው በር ላይ ወድቆ ይቀራል። ድሮ «ቆዳ አለ?» እያለ የሚዞረው ነጋዴ ሰዎችን ያሽቀዳድም ነበር፤ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የሚጣለው በዝቷል።

እኩለ ቀን ሲሆን እንግዳ መምጣት ይጀምራል። ቤቱ ታጥኗል፤ መሶቡ መሃል ላይ ነው፤ ጠላው ተጠልሏል። በ2017ም በ2018ም ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ስለነበር የታችኛው ቤት ሙስሊም ጎረቤቶችና የላይኛዎቹ ክርስቲያኖች ሁለት ዓመት ተከታትለው አብረው ጾመዋል። ለሙስሊሞቹ በንጹሕ ዕቃ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፍራፍሬና ለስላሳ ይቀርባል፤ ቡናው የጋራ ነው። ለዒድ የነበረው ግብዣም እንዲሁ ተቀምጦበታልና ማንም ራሱን እንደ እንግዳ አይቆጥርም። እመቤቷ ሦስት ሌሊት ሙሉ ዕንቅልፍ አልተኛችም፤ «ብሉልኝ እንጂ፣ ምነው አልበላችሁም?» የሚለው ልማድ ግን ከአፏ አልጠፋም። እንግዳውም «ጠግቤያለሁ» ማለቱ እንደማይታመን ያውቃል።

የተረፈው ሥጋ ሰኞ ጠዋት ይዘለዘልና ቋንጣ ሆኖ በረንዳው ላይ ይንጠለጠላል። እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም አይከርምም። በአማቾች ግብዣና በዳግማይ ትንሣኤ መሃል ደግሞ የእድሩ ድስት መመለስ አለበት፤ ማክሰኞ ካለፈ ቅጣት አለው። የእድሩ ዕቃ ያዥ በር ላይ ደብተር ይዘው ቆመው ድስት ይቀበላሉ፤ ክዳኑንም ይጠይቃሉ። ክዳኑ ሁልጊዜ የሌላ ቤት ነው። ስለዚህ እመቤቷ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጎረቤት በር ታንኳኳለች፤ ጎረቤቷም «ግቢ፣ ቡና ደርሷል» ትላታለች፤ የእድሩ ዕቃ ያዥ ደግሞ ደጅ ላይ ይጠብቃሉ።